በመከታ ላይ የላክኸው ቡችላ

ለወንድሜ ለበሪሁን፤ አሰላ።

ሰላምታውን ከፊት ላድርገው፤ ወደ ጉዳዬ ከገባሁ በኋላ ለሰላምታ የሚሆን ትዕግሥት አይተርፈኝም። እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከወንበር በተነሣህ ቁጥር እመቤቴን ትጠራለህ? እማዬ ደህና ናት? ጉልበቷን ብርዱ እንዳይጠዘጥዛት ማታ ማታ እግሯን ትጠቀልላለች? የዓይን ጠብታዋንስ ሳትዘነጉ ትጨምሩላታላችሁ? ሚስትህ አዛለች እንዴት ናት? መንትዮቹን ጉንፋኑ ለቀቃቸው? እንኳን ለትንሣኤው በዓል በሰላም አደረሳችሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ሙቀቱ ነው እንጂ። ባሮ ጎድሎ አሸዋው ወጥቷል፣ ማንጎው በስሎ ቆርቆሯችን ላይ ዱብ ዱብ ይላል፣ ግድግዳው ከመሸ በኋላ እንኳ እጅ አያስነካም። ቤዚ ሦስተኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው። ባለቤቴ ጸጋአብም አለ። ወደ እሱ በኋላ እመጣለሁ።

አሁን ስማኝ። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ አንተ ግን ሰው አፉን ሳይከፍት መልስ የምትሰጥ ሰው ነህ። አንተ ስትናገር ጥርት የሚለው ኔትወርክ እኔ ስጀምር ይቆረጣል። «አይሰማም፣ አይሰማም» ብለህ ዘጋኸው። ስለዚህ ጻፍኩ። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም። ቡችላውን ያመጣው ያ የአይሱዙ ሹፌር፣ ረድዋን፣ ዛሬ ድንቹን አራግፎ ነገ ወደ እናንተ ስለሚመለስ በእጅህ ይሰጥሃል። ቁጭ ብለህ አንብበው። ለአዛለችም ጮክ ብለህ አንብብላት፤ እሷ ፍርድ ታውቃለች።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከስግደት ስመለስ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ፣ ረድዋን የብስኩት ካርቶን ታቅፎ በራችን ላይ ቆሟል። ምንድን ነው ስለው «ወንድምሽ የላከልሽ ዘበኛ ነው» አለኝና ሳቀ። ካርቶኑን ስከፍተው ጠጉሩ ዓይኑን የሸፈነው፣ ምላሱ የተንጠለጠለ፣ በገዛ ሽንቱ የራሰ ቡችላ! ኧረ በሕግ አምላክ፣ በሪሁን! የአሰላ ቡችላ እኮ ነው። ካፖርት ለብሶ የተወለደ ፍጡር በሚያዝያ ወር ጋምቤላ ይላካል? ሰው ነጠላ የሚከብደው አገር! እኔ ሳልጠጣ እሱን በራሴ ኩባያ አጠጣሁት። ስሙም አብሮት መጥቷል፤ ኮማንደር። ገና ሽንቱን ማዘዝ ያልቻለ ኮማንደር!

«እህቴ፣ ሌላ ውሻ ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምንህን ይነካው ነበር? ለጥምቀት የመጣህ ጊዜ የእኛን መከታ አየኸው፤ አፉ ዙሪያ ሸብቷል፣ የኋላ እግሩን ይጎትታል። «ይኼማ ጡረታ ይውጣ» ብለህ ሳቅህ። እኔም ሳቅሁ፣ ቀልድ መስሎኝ። ለካ አንተ በሆድህ ወስነህ ጨርሰሃል! ደግሞ እንዳልመልሰው ያበጀኸው ብልሃት! «እማዬ መርቃ ነው የላከችው በላት» ብለህ ረድዋንን ልከኸዋል። እማዬ የመረቀችውን መልሼ ብልክ ምን እንደምባል ታውቃለህ። በኋላ እሷን ስጠይቃት ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ እንኳ አልነገርካትም። «ለእሙዬ ዕቃ ልልክ ነው፣ መርቂልኝ» ብለህ እጇን ካርቶኑ ላይ አስጭነሃት ነው የሄድከው። ወይ ጉድ! ምርቃትም ይጭበረበራል?

መከታን አንተ ውሻ ትለዋለህ። ውሻ ነው፣ አልካድኩም። ነገር ግን ጸጋአብን ሳላውቀው የማውቀው ነው። ከኮሌጅ ወጥቼ እዚህ በአዋላጅነት የተመደብኩ ጊዜ፣ ሰው በማላውቅበት፣ ቋንቋ በማልሰማበት ከተማ አልቅሼ ስተኛ አከራዬ የነበሩት አሮጊት አዝነውልኝ የሰጡኝ ቡችላ ነው። ተረኛ በሆንኩ ቁጥር እስከ ጤና ጣቢያው በር ከፊት ከፊቴ እየሄደ ያደርሰኛል። እስክወጣ የኒሙ ዛፍ ሥር ተኝቶ ይጠብቀኛል። ወላዶቹ «የሲስተር ውሻ» ነው የሚሉት። ቤዚ መራመድ የተማረችው ጭራውን ይዛ ነው፤ አንድ ቀን ጥርሱን አላሳያትም። ይህን ሁሉ ታውቃለህ። የምታውቀውን የምጽፍልህ እንደማያውቅ ሰው ስለሆንክ ነው።

ከቡችላው በኋላ ደግሞ ትእዛዝህ ተከተለ። ቀን ቀን ጨለማ ቤት ዝጉበት፣ ሰው አታሳዩት፣ ምግቡን በሚጥሚጣ ለውሱለት፣ የጆሮውን ጫፍ ቁረጡት፣ ክፉ ይወጣዋል። ይህንንም ቢሆን ለእኔ አይደለም የነገርከው፣ ለጸጋአብ ነው። እኔ ነፍስ በእጄ ስቀበል የምውል የማድር ሴት ነኝ። ሁለት መዳፍ የማይሞላ ፍጡር ዕቃ ቤቴ ውስጥ ታስሮ ሲያለቅስ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ የምተኛ መሰለህ? ያቺ ዕቃ ቤት እኮ በቀትር ዳቦ ትጋግራለች! ከፍቼ አወጣሁት። ጸጋአብ «ወንድምሽ እኮ ስለ ውሻ ያውቃል» አለኝ። ምን ያውቃል? አሰላ ጋቢውን ተከናንቦ ቁጭ ያለ ሰው የእኔን ግቢ ከየት ያውቀዋል?

ቡችላውን ማንጎው ሥር ለቀቅነው። እውነቱን ልናገር፣ መከታ አልተጣላውም። በሩ ላይ እንደተኛ አየው፣ ተነሥቶ አሸተተው፣ ተመልሶ ተኛ። ቡችላህ ግን ጨዋነት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ጭራውን ይነክሰዋል፣ ሆዱ ሥር ይገባል፣ ከሳህኑ ውሃ ይጠጣበታል። መከታ ባጉረመረመ ቁጥር ጸጋአብ «ዝም በል!» ብሎ ጫማውን ያነሣበታል። ቡችላውን የሚቆጣው ግን የለም፤ እንግዳ ነዋ! ቤዚም ከውጭ ስትገባ አስቀድማ የምትጠራው መከታን ነበር፤ አሁን «ኮማንደርዬ!» እያለች አልፋው ትሮጣለች። እሱ ጭራውን ማወዛወዝ ጀምሮ ይተዋል።

ከውሃው ሮቶ ሥር፣ ውሃ የሚንጠባጠብባት ቀዝቃዛ ጉድጓድ አለች። መከታ ራሱ ቆፍሯት ቀትር ቀትር የሚተኛባት ናት። ቡችላው አያትና ዘው አለባት። ቤዚ ደግሞ «ሲያምር!» ብላ ጨርቅ አነጠፈችለት። ከሥራ ስመለስ መከታ ግቢው መሀል፣ ፀሐይ ላይ ተኝቷል። በጋምቤላ የቀትር ፀሐይ! ተነሥ ብለው አልነሣም አለኝ። ቡችላውን አንሥቼ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት፣ መከታን በአንገቱ ይዤ ወደ ቦታው ወሰድኩት፣ ዘወር ስል ቡችላው እንደገና ገብቶባታል። ጸጋአብ ይስቃል። ምኑ ያስቃል?

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ፤ ለእኔም በኋላ ነው የገባኝ። እኛ ቤት ሁዳዴ ከገባ አጥንት አይታይም። ሽሮና ምስር፣ ምስርና ሽሮ ነው። መከታ ግን አንድም ዓመት ከእኛ ጋር ጾሞ አያውቅም። አጥር የምትጋራን ኛሬአት አለች፤ አይተሃታል፣ ያቺ ረጅሟ፣ ለጥምቀት አሳ ጠብሳ ያበላችህ፣ የመዘምራን መሪዋ። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፤ በእኛ ጾም ቤቷ ውስጥ አሳውም ሥጋውም አለ። መከታ ቅበላ ባለፈ ማግስት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ እሷ ጋ ይበላል፣ ለፋሲካ ወደ እኛ ይመለሳል። «ውሻሽ በሁዳዴ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል ነው» እያለች ትስቅብኛለች። እኛም ለምደነው ለወጉ ያህል ፍርፋሪ ጣል ከማድረግ በቀር ስለ ምግቡ አናስብም።

ዘንድሮ ግን ኛሬአት እህቷ ታማባት ከጾሙ እኩሌታ ጀምሮ ትየርኪዲ፣ የስደተኞቹ ካምፕ ሄዳ ሰነበተች። የቤቷን ቁልፍ አደራ የተቀበልኩት ራሴ ነኝ፤ መሄዷን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ግን ከመከታ ሆድ ጋር አላገናኘሁትም። ጸጋአብም አላገናኘውም። የቤታችን ውሻ፣ ቤታችን ውስጥ፣ ከሽሯችን ሥር ስንት ሳምንት ራበው። በዚህ ላይ ነው አንተ ቡችላ የላክህበት!

ፋሲካ ነጋ። ገድፈን ትንሽ ሸለብ እንዳደረገን ጸጋአብ በጉን አረደ። ሁለቱም ውሾች መጥተው ቆመዋል፤ መከታ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ምራቁ ይንጠባጠባል። ባለቤቴ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከታፋው አንድ ትልቅ አጥንት አንሥቶ ሁለቱ መሀል ወረወረው። አንድ አጥንት! ለሁለት ውሻ! ለአንዱ ወዲያ ለአንዱ ወዲህ ማድረግ ይከብድ ነበር? «አብረው ይላመዱ ብዬ ነው» ይለኛል። መከታ አነሣው። ቡችላው ተንደርድሮ ከአፉ ሊነጥቀው ገባ። መከታ ጆሮውን ያዘው። ጫፉ ተቀደደ፣ ደም በደም ሆነ፣ ያ ትንሽ ፍጥረት ግቢውን በጩኸት አናጋው። ያዘዝከው የጆሮ ቁረጣ በዚህ ተፈጽሞልሃል፤ ደስ ይበልህ።

ቤዚ ስትጮህ፣ ጸጋአብ እንጨት ሲያነሣ፣ እኔ መሀል ስገባ ስልኩ ጠራ፤ አንተ ነህ። እንኳን አደረሳችሁ ለማለት የደወልክ ሰው ጩኸቱን ሰምተህ ዳኛ ሆነህ አረፍከው። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰምተናል። «ያረጀ ውሻ መንከስ ከጀመረ አይመለስም፤ ነገ ልጅቷን ነው የሚነክሳት፤ ዛሬውኑ አስወግዱት» አልክ። ራበው ወይ አልክ? ማን ምን አደረገው አልክ? አንድ ጥያቄ፣ በሪሁን፣ አንድ ጥያቄ እንኳ! እኔ የቡችላውን ጆሮ በጨው ውሃ እያጠብኩ አይሆንም ብዬ ስጮህ አንተ ለጸጋአብ ስለ መርዝ ታስረዳለህ። ያ ማጉረምረሙ እኮ መናገሩ ነበር። አርቁልኝ፣ ቦታዬን አስለቅቁልኝ እያለ ለምኖናል። ዝም በል ሲባል ሲባል ነው በጥርሱ የተናገረው።

በማግስቱ ተረኛ ነበርኩ። መከታ እንደ ልማዱ ሊያደርሰኝ ሲነሣ ጸጋአብ በአንገቱ ያዘውና «ዛሬ ይረፍ፣ በዓል ነው» አለኝ። ደግነት መስሎኝ አመሰገንኩት! አመሰገንኩት እኮ ነው የምልህ! ስመለስ መከታ የለም። «በሩ ተከፍቶ ወጥቶ ነው፣ ይመጣል» አለኝ። አልመጣም። ባጃጅ ይዤ ገበያውን፣ የድልድዩን ሥር፣ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ድረስ ዞርኩ። ወላዶቼን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዲቱ አራስ እናቷን አስነሥታ ታስፈልግልኝ ነበር። ጸጋአብ ቤት ተቀምጦ ይህን ሁሉ ሲያይ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ አንተ ደወልክ። «እንዴት ነው፣ ከሽማግሌው አረፋችሁ? ኢታንግ አሳ ሞልቷል፣ አይራብም» አልከኝ። በራስህ አፍ! እኔ «ምን ኢታንግ?» ስልህ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ስልኩን ይዤ ጸጋአብ ፊት ቆምኩ፤ ገና ሳልጠይቀው አንገቱን ደፋ። ለካ ኢታንግ በሚመላለስ የባልደረባው ፒካፕ ጭኖ ልኮት፣ ገበያው ዳር አውርደውታል። «መርዝ ላበላው እጄ እምቢ ስላለኝ ነው፣ ለቤዚ ፈርቼ ነው» አለኝ። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ አባት ነው፤ በመርዙ ነገር አንተን ባለመስማቱም ምስጋና ይገባው ይሆናል። ግን እኔ በጠራራ ፀሐይ ስፈልግ እያየኝ! ሁለት ወንዶች፣ አንዱ እዚያ አንዱ እዚህ፣ በእኔ ግቢ ውስጥ ያለውን የእኔን ውሻ ከእኔ ደብቃችሁ በስልክ ተማከራችሁበት። ሕፃን ነኝ? ወይስ እብድ ነኝ፣ ቀስ ተብሎ የሚደበቅብኝ?

ኛሬአት ከትየርኪዲ የተመለሰችው ያን ምሽት ነው። የሆነውን ነገርኳት። ስትናደድ አማርኛዋ አንተና አንቺን ይደባልቃል። «አንተ እሙዬ፣ እኔ ሳልኖር ውሻዬን ምን አበላኸው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የሳምንታቱ ነገር ወለል ብሎ የታየኝ። ወደ ጸጋአብ ዞራ፣ «ጾም ሲሆን እኔ የማበላውን ውሻ እኔን ሳትጠይቅ ማንን ጠይቀህ ሰጠህ? ግማሹ የእኔ ነው» አለችው። «ወንድሟ ነው ያለኝ» አላት። «ያ አሳዬን የበላው?» ብላ ጮኸች። አሳው ትዝ ይበልህ፤ ሁለት ጊዜ አስጨምረህ ነው የበላኸው።

በነጋታው ማለዳ ከመናኸሪያው በሚኒባስ ወጣን፤ እኔ፣ ኛሬአት፣ ዘንቢል ውስጥ ደግሞ ቡችላህ። ቡችላውን ለምን ይዤው እንደሄድኩ ብትጠይቀኝ፣ አንዱን የሰጠ ሰው ሁለተኛውን አይሰጥም ብዬ እንዴት ልመን? ተሳፋሪው ሁሉ «በግ ነው ውሻ?» እያለ ሲስቅ ደረስን። ኢታንግ ገበያው ሞቅ ብሏል። ኛሬአት በኑዌርኛ እየጠየቀች፣ እኔ ስሙን እየጠራሁ ስንዞር አንዲት አሳ የምታደርቅ ልጅ በአገጯ ወደ ወንዙ ጠቆመችን።

ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት ዳር፣ ዛፍ ሥር ተኝቷል። ጎድኑ ተቆጥሮ፣ አቧራ ለብሶ። «መከታ!» አልኩት። ጆሮውን አነሣ፣ አየኝ፣ ፊቱን አዞረ። በሪሁን፣ ፊቱን አዞረብኝ! ቀርቤ ጠራሁት፤ ተነሥቶ ጥቂት ርቆ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። ኛሬአት ደረቅ አሳ ገዝታ አቀረበችለት፤ ከእሷም አልተቀበለም። እኔ አላደረግሁትም፣ አላወቅሁም ብዬ ለማን ልንገር? ለውሻ እንዴት ይነገራል? እሱ የሚያውቀው ከቤቴ እንደወጣ ብቻ ነው። አሸዋው ላይ ተቀምጬ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። እማዬ አባታችንን ስትቀብር እንዳለቀሰችው አላልኩህም፤ ግን አንጀቴ ነው ያለቀሰ።

ይሄኔ ቡችላው ከዘንቢሉ ተንከባሎ ወጣና ወደ እሱ ሮጠ። ያ የተቀደደ ጆሮው ገና አልዳነም። ልይዘው ስነሣ ኛሬአት ቀሚሴን ይዛ «ተዪው፤ እዚህ የማንም ቤት አይደለም» አለችኝ። አውቃ ይሁን በእኔ ተናዳ አላውቅም። መከታ አጉረመረመ። ዝም በል የሚለው አልነበረም። ቡችላው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ከዚያ በጀርባው ተገልብጦ ሆዱን ሰጠው። መከታ ተነሣ። ዙሪያውን ዞረው፣ ሆዱን አሸተተው፣ ያቺን የቀደዳትን ጆሮ አሽትቶ አሽትቶ ተዋት። ከዚያ ወደ ውሃው ወርዶ ጠጣ። ቡችላው ከኋላው ተከተለው፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ጠጣ። ጠጥተው ሲመለሱ ደረቁን አሳ ለሁለት ከፍለን አራርቀን አስቀመጥን፤ በሉ። እኔን ግን እስከዚያም አላየኝም። የሄደው ቡችላውን አስከትሎ፣ በኛሬአት ጎን ነው። የሚኒባሱ ረዳት ውሻ አልጭንም ሲል ኛሬአት የተናገረችውን አልጽፍልህም። ጫነ።

አሁን ሁለት ሳህን አለን፣ አንዱ በር ላይ አንዱ ማንጎው ሥር፤ አስቀድሞ ለመከታ ነው የሚቀርበው። ቤዚም ስትገባ እሱን ሰላም ሳትል ቡችላውን እንዳታቅፍ አስጠንቅቄያታለሁ። የቡችላውን ጠጉር በመቀስ ከርክመንለት ሰው መስሏል። ኮማንደርነቱንም ሽረነዋል፤ ቤዚ ጠጉሩ ብላዋለች። ጉድጓዷን መከታ ግማሹን ሰጥቶታል። ሲበዛበት ያጉረመርማል፣ ቡችላው ቀስ ብሎ ይነሣለታል፤ አለቀ። በዚህች አጭር ጊዜ እንዲህ ተስማሙ። ቡችላው ምን አጠፋ? እሱም እንደ ዕቃ ተጠቅልሎ የተላከ ነው።

ከጸጋአብ ጋር ግን ሌላ ነው። ከሥራ ገብቶ በሩን ሲዘጋ መከታ ተነሥቶ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ኛሬአት ይሄዳል። ጸጋአብ ጉበት እየገዛ ይመጣል፣ ተንበርክኮ ይለምነዋል፣ ከእጁ አይበላም። «ይረሳዋል» ይለኛል እየደጋገመ። ሲለኝ ግን ዓይኑ ሌላ ነው የሚናገረው። አሳዘነኝ፤ ቢያሳዝነኝም አልታረቅሁትም። እኔንም ቢሆን መከታ ለብዙ ቀን ተረኛ ስሆን በሩ ላይ ቀርቶ ያየኝ ነበር። ትናንት ማታ ነው የተነሣልኝ፤ ከፊቴ ሳይሆን ከኋላዬ ሄደ። እስክገባ ዞር ብዬ ለማየት ፈራሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ሳምልኝ ማለቴ ነው፣ ይኸው ንዴቴ እጄን አሳሳተው። ካርቶኑ ውስጥ ምን እንደነበረም ዛሬውኑ ንገራት፤ በምርቃቷ ቡችላው ተርፏል በላት። ለአዛለች ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የላከችልኝ በሶ ደርሶኛል፣ እጇ ይባረክ። መንትዮቹን አገላብጠህ ሳምልኝ፣ ቤዚ የቡችላውን ሥዕል ሥላላቸዋለች፣ ከዚህ ጋር አለ። ለጎረቤቶቻችሁም በያሉበት ሰላም በልልኝ። ጸጋአብ ሰላም ብሎሃል፤ የራሱ አፍ ስላለው ሌላውን እሱ ይነግርሃል። ኛሬአት ሰላምታ አልላከችልህም።

ለክረምት እመጣለሁ ብለሃል። ና፣ ቤትህ ነው። ነገር ግን ከመምጣትህ በፊት ደውል፤ ለጸጋአብ አይደለም፣ ለእኔ። ያለኝን እስክጨርስ ስማኝና የምትለኝን በለኝ። ያን ሳታደርግ በሬ ላይ ብትቆም መከታ ኢታንግ ላይ እንዳየኝ ነው የማይህ። አትችለውም፣ ወንድሜ። እኔ አልቻልኩትም።

እህትህ እሙዬ
ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.